ከሙከራው የተረፈ ድምፅ

ኸለፈላ ነገ ጠዋት ጉሮሮው ይቀደዳል። ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም አብሮ እንደሚያወጣው ሳይሸፋፍን ነግሮታል፤ "ከነገ በኋላ መዝፈን ቀርቶ ሚስትህንም በስሟ አትጠራም" ብሎታል። በሱዳኗ ኦምዱርማን ውስጥ ደህና ሰርግ ደገስኩ የሚል ሰው ሁሉ ኸለፈላን ያላስዘፈነ የለም። የሰውን ልጅ ሁሉ ሲድር ኖሮ፣ የገዛ ልጁ ኒዕማት ከኢድ በኋላ ስታገባ አባት ዲዳ ሆኖ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ ለእሷ የገጠመውን ዘፈን፣ ስሟ ያለበትን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቀድቶ ማስቀረት አለበት። ዛሬ ካልሆነ የለም።

የሚቀዳው ሙዱዊ ነው። ሙዱዊ በልጅነቱ የኸለፈላ ሸያል ነበር፤ ዘፋኙ ስንኙን ሲለቅ ከኋላ ተቀብለው ከሚሸከሙት ልጆች አንዱ። ድምፁ ለዚያም አልበቃ ብሎ ከመስታወት ጀርባ ገባና ስቱዲዮ ከፈተ። ጆሮው ግን የተመሰገነ ነው። ገና ሰላምታ ስትሰጠው የትኛው ማይክ እንደሚስማማህ ያውቃል ይሉታል። እንግዲህ ዛሬ ጉድ የሠራው ያ የተመሰገነ ጆሮ ነው።

መጀመሪያ የሚኮራበትን ትልቁን ማይክ አቆመ። እሱ ማይክ የዝንብ ክንፍ ሳይቀር ስለሚሰማ ቬንትሌተሩ ጠፋ፣ በሩ ተዘጋ፣ ክፍሉ ምድጃ ሆነ። የኸለፈላ ሚስት በቱል ከመስታወቱ ወዲህ ሙዱዊ አጠገብ ተቀመጠች።

"ለሙከራ ትንሽ ይበሉልኝ፣ ኡስታዝ" አለ ሙዱዊ፤ እዚያ አገር አንጋፋ ዘፋኝም ኡስታዝ ይባላል።

ኸለፈላ ደግሞ ሙከራ ብሎ ነገር አያውቅም። እንደ ዘመኑ ልጆች "አንድ፣ ሁለት" ብሎ መቁጠር ነውር ይመስለዋል። አፉን ከከፈተ በሙሉ ድምፁ ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመረ። ሙዱዊ በሄድፎኑ ሰማው። ማይኩ ሁሉን ነገር ለቅሞ አምጥቶታል፤ ሲርሲርታውን፣ ዕጢው ላይ የሚፋተገውን ትንፋሽ፣ የምራቁን ሲጥሲጥታ። ዘፈን ሳይሆን በሽታ ነው የሚሰማው።

"ይበቃል፣ ኡስታዝ። ማይኩ አልተስማማዎትም።"

አሮጌውን አመጣ፤ ሻካራ ድምፅ ያለዝባል የሚባልለትን። አለዘበ፣ እውነት ነው፤ ግን ቃሉን ዋጠው። ሰውዬው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን መሰለ። "ይበቃል፣ ኡስታዝ።" አስጠጋው፤ ጎረበጠው። "ይበቃል።" አራቀው፣ ከፍ አደረገው፣ አዘነበለው። ኸለፈላ በየጊዜው ከስር ጀምሮ በሙሉ ድምፁ ይዘፍናል፣ ሙዱዊ በየጊዜው ያቋርጠዋል።

"ምነው ልጄ" አለች በቱል፤ "ሰውዬው የማይነጥፍ ምንጭ መሰለህ እንዴ፣ እየቀዳህ የምትደፋው?"

"የሚስማማውን ካገኘሁ እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"እስክታገኘው እሱ ያልቃል።"

ሙዱዊ ይህን ያላወቀ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ሙከራ ከድምፁ ላይ እየቆረሰ እንደሚሄድ ያውቃል። ግን ፍርሃት ይዞታል። ኒዕማት በሰርጓ ቀን፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ የአባቷን በሽታ ልትሰማ ነው? ሰው ምን ይላል? የድሮውን ድምፅ፣ በልጅነቱ ከኋላው ቆሞ የሰማውን፣ የሆነ ማይክ ውስጥ የሚያገኘው መሰለው። ከመሳቢያ መሳቢያ ይገለብጣል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ በመጨረሻ የሰርግ ቤት ማይኩን አወጣ፣ ወንፊቱ የተጨረመተውን፣ ማንም ስቱዲዮ የማያስገባውን። ኸለፈላ በእጁ ሲጨብጠው ትከሻው ቀና አለ። ዘፈነ። ሲርሲርታው ቀነሰ፣ ቃሉም ጠራ፤ ሆኖም ድምፁ ነፍስ አልነበረውም።

"ይበቃል፣ ኡስታዝ" አለና ሄድፎኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ይሄም የሞተ ነው።"

"የሞተውስ ማይኩ አይደለም" አለች በቱል። አሁን ተቆጥታለች። "ለመሆኑ ማን አብሽር፣ አይዞህ ብሎት ነው የሚዘፍነው? ይሄ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ፣ ወንድ ተነሥቶ ከራሱ በላይ እጁን አንሥቶ ጣቱን ሳያጮህለት አንድ ዘፈን ጨርሶ አያውቅም። አንተ ብቻውን ቆልፈህበት፣ አትንቀሳቀስ፣ አትተንፍስ ትለዋለህ። እንዲህማ የሚዘጋው መቃብር ነው።"

ሙዱዊ ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ ራሱ በየሰርጉ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ጣቱን አጩሆለታል! ስቱዲዮ ስለሆነ ብቻ ዝምታ መሰለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትልቁ ማይክ ቢሆን የጣቱን ጩኸት ለቅሞ ዘፈኑን ያበላሸው ነበር፤ ይሄ የተጨረመተው ግን ከፊቱ ካለው አፍ በቀር አይሰማም። ሲፈልገው የዋለው እሱ ነበር። መቅጃውን እንደገና አስነሥቶ፣ በሩን በርግዶ ገባ፣ ከኸለፈላ ጥምጥም በላይ እጁን ሰቅሎ ጣቱን አጮኸ።

"አብሽር፣ ኡስታዝ!"

ኸለፈላ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ ዘፈነ። ድምፁ ተሰነጣጥቋል፣ ግን እሱ ነው፤ ኦምዱርማን የምታውቀው ኸለፈላ ነው። ሙዱዊ እንባው እየወረደ ጣቱን ያጮኻል። በቱል ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ እልል ትላለች። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ ሙሽራዋ በስሟ የምትጠራበት ላይ፣ ድምፁ ቆመ።

"ኒ..." አለ፣ ቀሪው አየር ሆነ። ውሃ ቀመሰ፣ ጉንጩ ውስጥ ያዘው፣ መዋጥ አልቻለም። እንደገና ሞከረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር አየሩም አልወጣ አለው፤ አንገቱን ይዞ ቆመ።

"አይጨነቁ፣ ሙከራው ሁሉ ተቀድቷል" አለ ሙዱዊ እየተንተባተበ። "አንዱ ላይ ስሟ አይጠፋም። ቆርጬ እቀጥለዋለሁ።" ወደ ጠረጴዛው ሮጠ፣ ድምፁን ለሁሉም ለቀቀው። የመጀመሪያው ሙከራ፦ አንደኛው ስንኝ፣ ሁለተኛው ስንኝ፣ ከዚያ የሙዱዊ የራሱ ድምፅ፣ "ይበቃል፣ ኡስታዝ።" ቀጣዩ፦ "ይበቃል፣ ኡስታዝ።" ቀጣዩ፦ "ይበቃል።" አንዱም ሦስተኛው ስንኝ አልደረሰም። እሱ አላደረሰውም። በቱል የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ሳበችና ፊቷን ሸፈነች። ብትሰድበው በተሻለው ነበር።

ተመልሶ ገባና ሽማግሌው እግር ሥር ተቀመጠ። "የትም የለም፣ ኡስታዝ። በገዛ አፌ ቆርጬዋለሁ።"

 ኸለፈላ ጣቱን ወደ ሙዱዊ ደረት ቀሰረ፣ ጆንያ እንደሚያነሣ ሰው የራሱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሸያል ነህ፣ ተሸከም ማለቱ ነው።

"እኔ? በዚህ ድምፄ? ለኒዕማት?"

ትከሻውን ደግሞ መታና ማይኩን አስጨበጠው። ሙዱዊ ተነሥቶ ሦስተኛውን ስንኝ ዘፈነ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ማይኩ አባሰበት፤ ስሟ ጋ ሲደርስ ኒዕማት የሚለው ቃል ለሁለት ተሰበረ። ኸለፈላ ከሙዱዊ ራስ በላይ እጁን ሰቀለለት። ጣቱን አጋጨ፤ ጣቱ በላብ ርሶ ነበርና አልጮኸም።

ከቀደሙት ሁለት ስንኞች ጋር ቀጥለውት አብረው ሰሙት። የኸለፈላ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ሰው።

"ይሆናል፣ ኡስታዝ?"

ኸለፈላ ለይሉኝታ የማይዋሽ ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም። በቱል ፊቷን ገልጣ በትሩን አቀበለችው፣ ሆስፒታሉ ከመግሪብ ሶላት በፊት ግቡ ብሏቸዋልና ተያይዘው ወጡ።