ክለቡ እስኪሰናበት

«በል እስቲ ሞክራት» አለ ጎረቤቱ ጎሚስታው፣ ከበሮውን ገና ጨርቅ ያልለበሰ የሶፋ አጽም ላይ እያሳረፈ።

ሶፋ ሠሪው ጡሩንባ በከንፈሩ የያዛቸውን ምስማሮች መዳፉ ላይ ተፋቸው። ጉሮሮውን ጠረገና የክለቡን የመግቢያ ዜማ ጀመረ። የወጣው ድምፅ እርጥብ እንጨት ውስጥ የተቀረቀረ መጋዝ ነበር። ጎሚስታው ከበሮውን ለመምታት ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«መኪና ብትሆን ኖሮ ገፍቼ አስነሳህ ነበር» አለው።

«እስከ ጨዋታው ይሞቃል።»

«ዛሬ ካለፍን ደግሞ ፍጻሜው አለ እኮ።»

ከግድግዳው ወዲያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው የሚስቱ የስፌት መኪና ድንገት ጸጥ ብሏል። ወሬ ስታዳምጥ መኪናዋን ታቆማለች፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ጡሩንባ የእናት አባቱ ስም አይደለም። በሰፈሩ ሶፋ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ግን «ጡሩንባ ጋ ውሰደው» ነው የሚባለው። እሁድ እሁድ በስታዲየሙ ርካሽ ወገን፣ ጥላ በሌለው በኩል፣ ደጋፊውን የሚያስዘፍን እሱ ነው። ጥበቡ ቀላል ናት። አንድ ዘፋኝ ስለ ከዳችው ፍቅረኛው ያለቀሰበትን ዜማ ገና ከሬዲዮ ሳይወርድ ይነጥቅና፣ በሳምንቱ ስለ መስመር ዳኛው የዓይን ሕመም ያስዘፍንበታል። ለተጫዋቾቹም ስም የሚያወጣው እሱ ነው። በረኛው «ተከታታይ ድራማ» ይባላል፤ ኳሷን ይዟት ይሁን ለቋት ሳታውቅ ልብህን ያንጠለጥለዋል። አጥቂው «የሰርግ ዘፋኝ» ነው፤ ቀብዱን ተቀብሎ፣ አርፍዶ መጥቶ፣ ቀድሞ ይሄዳል። መሃል ተከላካዩ ደግሞ «ማስታወቂያ»፤ ጨዋታው ሲጣፍጥ መሃል ገብቶ ያቋርጣል።

ድምፁ መሻከር ሲጀምር በስፖንጅ ብናኝ አመካኘ። ቀጥሎ በማስቲሹ ሽታ አመካኘ። ሚስቱ እጁን ይዛ ሆስፒታል ስትወስደው ደግሞ በሐኪሟ ልጅነት አመካኘ። ሐኪሟ ግን ናሙና ወስዳ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀምጣ ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው።

«ካንሰር ነው። ማንቁርትዎ በሙሉ መውጣት አለበት» አለች። «ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገትዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ድምፅ አይኖርዎትም። በመሣሪያ የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እሱ ወደፊት የሚታይ ነው።»

«ማንሾካሾክስ?» አለ ጡሩንባ።

«ማንሾካሾክም።»

ከሆስፒታሉ ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ጡሩንባ ቆመና «ክለቡ ከጥሎ ማለፉ ይሰናበት፤ በማግስቱ ሆስፒታል እገባለሁ» አለ። ሚስቱ ውጤቱን ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ክለቡ ከመጀመሪያው ዙር አልፎ አያውቅምና።

«እንግዲያው ሰኞ ትገባለህ ማለት ነው» አለችው።

እሁድ ክለቡ አሸነፈ። ጎሉን ያገባው የሰርግ ዘፋኙ ነበር፤ ያውም በጀርባው፣ ኳሷን ሳያያት። በሚቀጥለው ዙር የተጋጣሚው በረኛ አዳልጦት ወደቀላቸው። በሩብ ፍጻሜው ማስታወቂያ ተቀይሮ ከሜዳ እንደወጣ ቡድኑ ተሻለው። ለጡሩንባ ተይዞ የነበረው አልጋ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። ሚስቱ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ ተቆጣችው፣ ኋላ ዝም አለች። ጡሩንባ ዝምታዋን እሺ እንዳለችው ቆጠረው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ራሷ ደወለች። አልጋ ተገኝቷል፤ በግማሽ ፍጻሜው ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት እንዲገባ። «በሽታው ዳኛ ፊሽካ እስኪነፋለት ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም» አለችው። «አሁንም የዘገየን ይመስለኛል። ከዚህ ካለፈ ምን እንደምቆርጥ እኔም አላውቅም።»

የስፌት ክፍሉ በር ተከፈተና ሚስቱ ብቅ አለች። ጫማዋን ቀይራለች። አንገቷ ላይ የጡሩንባን አሮጌ የክለብ ሻርፕ ጣል አድርጋለች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ስታዲየም የገባችው አንዴ ብቻ ነው፤ እንደተጋቡ ሰሞን። ያን ዕለት ክለቡ የተሸነፈውን ሽንፈት ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ጡሩንባም «ገደ ቢሷ ሙሽራዬ» የሚል ዘፈን አውጥቶላት ዓመቱን ሙሉ አስዘፍኖባታል።

«እህቴ፣ ክፉ ተናገረ አትበዪኝ እንጂ» አለ ጎሚስታው አንገቱን እያሻሸ፣ «ያን ቀን አምስት ነው የገባብን።»

«ዛሬ ስድስት ይሆናል» አለች።

ጎሚስታው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጡሩንባም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መሐረቡ ላይ ተፋ። የተፋውን ሳያይ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ስታዲየሙ ከወትሮው ቀድሞ ሞልቷል። በጠባቡ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሰው በሰው ተደርቧል፤ ለጡሩንባ ግን መንገድ ተከፈተለት። ሁልጊዜ የሚቆምበት የአጥሩ ብረት ላይ ወጣና እጁን አነሳ። ጎሚስታው ከበሮውን መታ። ጡሩንባ የመጀመሪያዋን ስንኝ ጀመረ፤ ደጋፊው ከአፉ ተቀብሎ አስተጋባት። ራቅ ያለው ሰው የሚያየው እጁን ብቻ ነው። አጠገቡ የነበሩት ግን የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ሲገተር፣ የሚወጣው ደግሞ ትንፋሽ ብቻ ሲሆን አዩ።

ሚስቱ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ሻርፑን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሜዳውን ትኩር ብላ ታያለች። ድምፄን ለመጨረሻ ጊዜ ልትሰማ መጥታለች ብሎ አሰበ። ጎንበስ ብሎ «ያ በረኛችን ነው» አላት። «ኳስ ሲመጣበት ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ቀጣዩን ክፍል ሳምንት ያሳዩናል።»

እሷ አልሳቀችም።

ከእረፍት መልስ የተጋጣሚው አጥቂ ማስታወቂያን እንደ በር ከፍቶት አለፈና አገባ። በዚያ በኩል ያለው ሰው ሁሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ጡሩንባም እጁን ወደ ራሱ ሲያነሳ ዓይኑ ሚስቱ ላይ አረፈ። ዓይኖቿን ጨፍናለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ «ተመስገን» እያለች ነበር።

ከብረቱ ወረደ።

«ደስ አለሽ?»

«አዎ፣ ደስ አለኝ።»

«በኛ መሸነፍ?»

«ገደ ቢስ አይደለሁ? በኔ እግር ይሸነፉ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች፣ አሁንም ሜዳውን እያየች። «አንተ የምታምነው እንደሱ ያለውን ነገር ነው። የሐኪሟን ቃል አላመንክ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ድምፄን ልትሰሚ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

«ድምፅህ መቼ ለኔ ተርፎ ያውቃል? እሁድ እሁድ ቤት የሚመጣው ትርፍራፊው ነው። ለሱም ቢሆን የማላለቅስ መሰለህ? ሌሊት አንተን እያስተኛሁ ነው የማለቅሰው። ግን ድምፅ የሌለው ባል ይሻለኛል…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ጎሚስታው ከላይ «ጡሩንባ! ኧረ ውጣ፣ ልጆቹ ሞቱ!» ብሎ ጮኸ። ጡሩንባ ወጣ። ምን እንዳስዘፈነ አላስታወሰም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ማስታወቂያ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረጋቸውና ስታዲየሙ ተናወጠ። የማያውቀው ሰው አንገቱን አንቆ ሳመው። ከእቅፉ ሲወጣ ሚስቱ እንደተቀመጠች ነበረች። ሰው እየዘለለ ሻርፑን ረግጦባታል።

በመለያ ምቱም አምስት አምስት መትተው እኩል ሆኑ። ቀጥሎ አንድ በአንድ የሚለይበት ላይ ደረሱ። የሰርግ ዘፋኙ መጣ። ኳሷን አስቀመጠ፣ ሳማት፣ ወደኋላ ሄዶ ተንደረደረና ደጋፊው መሃል ሰደዳት። አሁን ተጋጣሚው ካገባ አበቃ። የወዲያኛው ልጅ ኳሷን ሊመታ ሲራመድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ።

«ግባ» አለ ጡሩንባ።

ማን እንደተናገረ ለማየት ዘወር ሊል ምንም አልቀረውም። በሕይወቱ በክለቡ ላይ ክፉ ተመኝቶ አያውቅም። ግን ከአፉ ወጥቷል፤ ቀስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ በዚያ ቀን ከወጣው ሁሉ የድሮ ድምፁን የሚመስለው ይህ አንድ ቃል ነበር። ልጁ መታ። ተከታታይ ድራማ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደቀ፤ ኳሷ ግን ወደኋላ በቀረው እግሩ ላይ ነጥራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጡሩንባ እንደ ሌላ ሰው ለቅሶ ከሩቅ ነው ያየው። የክለቡ ቀጣይ ልጅ አገባ። የወዲያኛው ቋሚውን መታ። ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ አለፈ።

ሰው እርስ በርሱ ተናነቀ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ወደ ሜዳ ወርውረው፣ ወዲያው «ኮፍያዬን!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ጎሚስታው እንባና ላብ አንድ ላይ እየጠረገ የጡሩንባን ትከሻ ያዘው።

«ፍጻሜው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው! ሁለት ሳምንት ምን አላት? አንተ ሳትኖር በምን አፋችን ልንዘፍን ነው?»

ከላይ እስከ ታች ስሙን እየጠሩት ነበር። ጡሩንባ ሚስቱን አያት። ትለምነኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ከመሬት ያነሳችውን ሻርፕ አቧራ እያራገፈች «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለችው። ቀጥላም፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሰማሁህ» አለች።

«ምኑን?»

«‹ግባ› ስትል።»

አልካደም። «ፈርቼ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ይሄን ያህል ጊዜ ነገሩን ተጫዋቾቹ ላይ ጥለኸው ነው የከረምከው። እነዚህ ልጆች እኮ ገና ጢም እንኳ አላወጡም። ሆስፒታል ትገባለህ አትገባም የሚለውን እነሱ እንዴት ይወስኑልህ?»

ጎሚስታው ከበሮውን መታ፤ ዜማው የሚገባበትን ምት፣ ሦስት ጊዜ ረገጥ፣ አንድ ጊዜ ላላ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ የጡሩንባን እጅ ጠበቀ። ጡሩንባ እጁን ግማሽ ድረስ አነሳና መለሰው። ወደ ጎሚስታው ተጠግቶ ጆሮው ላይ «እናንተ ጀምሩት» አለው።

«ምን አልክ?»

«ጀምሩት። እኔ ልሂድ።»

«የት?»

ጎሚስታው የጥያቄውን መልስ ራሱ አገኘው መሰል ፊቱ ተለወጠ። ከበሮው ላይ ያለ እጁ አልተንቀሳቀሰም። ጡሩንባ የሚስቱን ክንድ ይዞ በሰው መሃል ወደ መውጫው አመራ። ደረጃው ጫፍ ሲደርሱ ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ ዜማውን ጀመረው። ከፍ አድርጎ ነው የያዘው። በዚህ አያያዝ ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ እንደሚሰበር ጡሩንባ ያውቃል፤ ዝቅ አድርገህ ጀምር ቢለው በቂ ነበር። ቆመ። ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ የሁሉም ድምፅ ተሰበረ፤ ሰው ሳቀ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ተጀመረ። አሁንም ከፍ ብሎ።

«ለነገው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው አትብላ ያሉኝ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ከምሽት ጀምሮ።»

«ከዚያስ በኋላ በቱቦ ነው፣ አይደል?»

«ቁስሉ እስኪድን።»

«እንግዲያው አሁን የሆነ ምግብ ቤት እንግባ። የሚታኘክ ነገር ይሁን፤ ደረቅ።»

የደረጃውን ብረት ይዞ መውረድ ጀመረ።