በሽቦ ላይ የተሰቀሉት

ዶኛ ዴሜትሪያ በርጩማ ላይ ወጥታ አንድ የሞተ ሃርድ ዲስክ ከሱቋ ጣሪያ ሥር በተወጠረው ሽቦ ላይ ስታንጠለጥል፣ አከፋፋዩ ግሮቨር መጥቶ ከኋላዋ ቆመ።

"ይሄም የእኔ ነው?" አለ ወደ ላይ አንጋጦ።

"ያንተው ነው፤ ሰማያዊው። ለካርኒቫል በዓል ተሸጦ ፋሲካን ሳያይ የሞተ።"

"ሴትዮ፣ አንቺ ዕቃ ነው የምትሸጪው ወይስ ለቅሶ ነው የተቀመጥሽው?"

በቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከተማ፣ በኤሎይ ሳልሞን ጎዳና የተበላሸ ዕቃ የተመለሰለት ነጋዴ ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ይወረውረዋል፤ ወይም "አንተ ጥለኸው ነው" ብሎ ገዢውን ያፋጥጣል። ዴሜትሪያ ግን ዕቃውን ትቀይርና መቼ እንደተሸጠና መቼ እንደሞተ በነጭ ቀለም ጽፋበት፣ አላፊ አግዳሚው እያየ ትሰቅለዋለች። ሦስት ዓይነት ዲስክ ትሸጣለች፤ ከሦስቱም የምትሸጠው ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ከላይ የተሰቀሉት ግን አረንጓዴ ምልክት ያላቸው ሁለት፣ ግራጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሰማያዊዎቹ ደርዘን ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው። የገዛ ዕቃውን ነውር እንዲህ አደባባይ ያወጣ ሌላ ሰው በዚያ ጎዳና አልታየም። ደንበኞቿም ገና ሲመጡ ዓይናቸውን የሚጥሉት መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው።

ግሮቨር አንድ ሰማያዊ ዲስክ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። "አዲስ ገብቶልኛል። አሥራ ስድስት ቴራ ይይዛል። የአረንጓዴውን ስምንት ቴራ በምትሸጪበት ዋጋ ሽጪው፤ ትርፍ አለሽ። ገንዘቡን ሸጠሽ ስትጨርሺ ትሰጪኛለሽ። የግራን ፖዴር የጭፈራ በዓል ደርሷል፤ ቪዲዮ ቀራጩ ሁሉ እዚህ ነው የሚጎርፈው። አንድ ነገር ብቻ፤ የእኔን ሬሳዎች አውርጂልኝ።"

"ባላወርድስ?"

"ዕቃው ለዶኛ ቴዎፊላ ይሄዳል። ላንቺም ከእንግዲህ በዱቤ የምሰጥሽ የለም።"

የቴዎፊላ ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። የዴሜትሪያን ሱቅ "መካነ መቃብሩ" እያለች ሰው ታስቃለች።

ዶላር ከጠፋ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል። ሌሎቹ አከፋፋዮች ዕቃ የሚያወርዱት ገንዘቡን አስቀድመው ከተቀበሉ ብቻ ነው። በዱቤ የሚሰጣት ግሮቨር አንድ ለእናቱ ነበር። እሱ ከቀረ መደርደሪያዋ ለበዓሉ ባዶውን ይደርሳል፤ ሱቋም ያበቃለታል።

"ከምሳ በኋላ ና" አለችው።

እንደሄደ በርጩማው ላይ ወጥታ ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ አወረደችና ካርቶን ውስጥ ከተተች። መዋሸት አይደለም፣ ዝም ማለት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ምሳዋን ልትበላ ተቀመጠች። የኦቾሎኒ ሾርባ ነበር፤ ሳትጨርሰው ተወችው።

ገና ሳህኑን ሳታነሳ ዶን ፓንፊሎ መጣ። ከዳገቱ ላይ ካለችው ከኤል አልቶ ከተማ፣ በአየር ላይ በሚሄደው የገመድ መጓጓዣ ወርዶ ነው። የሰፈሩን ሰርግና ጭፈራ ሁሉ የሚቀርጽ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ብብቱ ሥር በሹራብ የተጠቀለለ አሮጌ ዲስክ ይዟል።

"ደንበኛዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ከትናንት ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ።"

"ሁለተኛ እንዳትከፍተው። አዲስ ግዛ፤ አንዴ ብቻ ትከፍተውና ሁሉንም ትገለብጣለህ።"

"እሱን ብዬ አይደል የመጣሁት! ይኸውልሽ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቤቴ መጣች። ልጇ የማዕድን ጉድጓድ ተንዶበት ሞቷል። በእህቱ ሰርግ ሲጨፍር እኔ ነበርኩ የቀረጽኩት። ፈልጌ አወጣሁላት። ስክሪኑን በእጇ ስትዳብስ ዋለች። ከዚህ ዲስክ በቀር የትም የለም እኮ ያ ልጅ!"

ይህን እያለ፣ እንደ ልማዱ፣ ቀና ብሎ ሽቦውን አየ። ፊቱ በራ።

"ውይ! ሰማያዊዎቹ የታሉ? መሞት ተዉ ማለት ነዋ! ተመስገን ነው፣ ሁልጊዜ በዋጋቸው እንደጎመጀሁ ነበር የምመለሰው።" ግሮቨር የተወውን ናሙና አነሳ። "አሥራ ስድስት ቴራ ነው? ስንት?"

ዋጋውን ነገረችው።

"በይ ጠቅልይልኝ። ሽቦሽ ከመሰከረ አንቺን ምን እጠይቅሻለሁ?"

ገንዘቡን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ዴሜትሪያ እጇን አልዘረጋችም። ፊቷ ቀላ።

"ሽቦው ዋሽቶሃል ዶን ፓንፊሎ። መሞት አልተዉም። እኔ ነኝ ያወረድኳቸው፤ ካርቶኑ ውስጥ አሉልህ።"

"ለምን?"

"አዲሶቹን ልሸጥ ብዬ።"

ሽማግሌው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "አንቺም?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሷን የባሰባትም ይኸው ነበር።

"እኔም። ገበያው እንደምታየው ነው። ይሄኛው ይሞታል ብዬ ደግሞ አልምልም፤ አሥር ዓመትም ሊኖር ይችላል። ግን የዚያችን ሴትዮ ልጅ እሱ ላይ አታሳድረው።" አረንጓዴውን ከመደርደሪያው አወረደች። "ስምንት ቴራ ነው። ላንተ ይበቃሃል። ዋጋው ያው ነው።"

"በአንድ ዋጋ ግማሽ ዕቃ!"

"ግማሽ ዕቃ፣ ሙሉ እንቅልፍ።"

ፓንፊሎ እያጉረመረመ ከፈለ። ሲወጣ ግን እጇን በሁለት እጁ ይዞ "እግዜር ይስጥሽ" አላት፤ አሮጌውንም አዲሱንም ደረቱ ላይ አቅፎ እንደ አራስ ልጅ እየተጠነቀቀ ዳገቱን ወጣ።

ዴሜትሪያ ካርቶኑን ከፈተች። ግሮቨር ሲመለስ ሰማያዊዎቹ በየቦታቸው ተሰቅለው አገኛቸው፤ እሷም ገና ከበርጩማው አልወረደችም።

"ዕቃውን ተውልኝ" አለችው። "ባልከው ዋጋ እሸጥልሃለሁ። እነዚህ ግን እንዳሉ ይሆናሉ፤ አይቶ የሚገዛ ይግዛ።"

"በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ" አለ ግሮቨር። ናሙናውን አንስቶ መንገዱን ተሻገረ።

ብዙም ሳይቆይ የቴዎፊላ ድምፅ ማጉያ ጎዳናውን አናጋው። "አሥራ ስድስት ቴራ! በስምንት ዋጋ! ኑ ደንበኞቼ!" ሰዉ ተጋፋ። ወደ ዴሜትሪያ የመጣው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፤ እሱም የዲስክ ማገናኛ ገመድ ገዝቶ ሄደ። ተጸጽታ ነበር? ለምን ይዋሻል፣ ማዶ የሚሸጠውን እያንዳንዱን ዲስክ በዓይኗ ትቆጥር ነበር። ለበዓሉ መደርደሪያዋን ምን እንደምትሞላው ስታስብ ጭንቅ ያዛት። ዓይኗን ወደ ሽቦው መልሳ ማንሳት ግን አላሳፈራትም።

ሱቆቹ መዘጋጋት ሲጀምሩ ቴዎፊላ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ሻሏን እስከ አገጯ ስባ፣ ግራና ቀኝ እየቃኘች ነው።

"ልትዘጊ ነው?"

"እየዘጋሁ ነው።"

"እኔ ሁሉንም ጨረስኩት። አንድ አልቀረኝም።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

ቴዎፊላ አልሄደችም። የመደርደሪያውን ጠርዝ በጣቷ ነካካች።

"ያ አረንጓዴው... አለሽ?"

"ለደንበኛ ነው?"

"ለራሴ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ልጄ ቺሊ ከገባች ወዲህ የልጅ ልጆቼን በቪዲዮ ነው ያሳደግኳቸው። የመጀመሪያውን እርምጃቸውን፣ ሁሉንም ነገር። ስልኬ ሞልቶ አልቀበል አለኝ።"

ዴሜትሪያን ምላሷን በላት። አሥራ ስድስቱን ቴራ ምን አደረግሽው? ብትል፣ ድምፅዋንም ትንሽ ከፍ ብታደርግ፣ ጎዳናው በሳቅ ሳምንቱን ይዘልቅ ነበር። ጎረቤቶቹ ገና መዝጊያቸውን እያወረዱ ናቸው። ሽቦው ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሏል፤ ቴዎፊላ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ዴሜትሪያ ለፓንፊሎ የነገረችውን ዋጋ ነገረቻት። ቴዎፊላ ሳትከራከር ከፈለች፤ በዚያ ጎዳና ይህ ሲሆን ያየ የለም።

ከዚያ ዴሜትሪያ አንድ ማገናኛ ገመድ ምርቃት ጨመረችላት። አሮጌ ጋዜጣ ከጠረጴዛው ሥር ስባ ዲስኩን በድርብ ጠቀለለችው፤ አረንጓዴው ምልክት በየትም በኩል እንዳይታይ ጠርዝ ጠርዙን አጥፋ በክር አሰረችው።

"በሻልሽ ሥር አድርጊው" አለቻት። "ሰው አይይሽ።"