ከፋይዋ፣ ገልባጯና ቀኙ እጅጌ

የመብሩካ የጥልፍ መኪና የሙሽራዋን የሪሃምን ቀሚስ ግራ እጅጌ በዓሣና በጃስሚን አበባ አስውባ ጨረሰች፤ ቀኙን ሳትጀምር ግን ጭስ ተፍታ ሞተች። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሙሽራዋ ሒና የምትቀባበት ድግስ ሐሙስ ነው። መብሩካ እዳው ገብስ ነው ብላ የእህቷን መኪና ተውሳ አመጣችና በኢንተርኔት የገዛችውን ንድፍ ጫነችባት። ስክሪኗ ላይ፣ "ይህ ንድፍ የተሸጠው ለሌላ መኪና ነው" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"ለመኪና!" አለች መብሩካ። "የከፈልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ሻጮቹ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ወጣት ትሕትናው ለጉድ ነው።

"እትዬ፣ ፈቃዱ ከመኪናዎ ጋር የታሰረ ነው። እሷ ከሞተች ፈቃዱም ያበቃል።"

"ታዲያ ንድፉን አብሬ ልቅበረው?"

"እንደገና መግዛት ይችላሉ። እስኪጸድቅ ግን አምስት ቀን ይፈጃል።"

"ሙሽራዋ እስከዚያ ቀኝ እጇን ደብቃ ትዳር?"

ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። ከይቅርታው ግን እጅጌ አይወጣም።

በሰፈሩ ይህ ንድፍ ያላት ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ የምትሰፋው ሸድሊያ ብቻ ናት። ሸድሊያ ንድፎቿን ሁሉ ሳትከፍል ትገለብጣለች፤ ለዚህም መብሩካ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት "ያቺ ሌባ" ስትላት ኖራለች። አሁን የእሷን ደጅ መርገጥ ሞት ሞት ሸተታት። ግን ለሪሃም ቃል ገብታለች። ቀሚሱን በአንድ እጇ፣ ደረሰኟን በሌላው ይዛ ተሻገረች።

"ልሰርቅ አልመጣሁም" አለች ገና በሩ ላይ። "ከፍዬበታለሁ፤ ይኸው!"

ሸድሊያ ነገሩን ሰምታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "የናቁት ያደርጋል ራቁት ይባላል፤ እኔ ግን አለብስሻለሁ። ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ገተረሽ!"

የተገለበጠው ንድፍ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ቀኙ እጅጌ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ከግራው በአንዲት ክር እንኳ አይለይም። መብሩካ ቦርሳዋን ስትከፍት ሸድሊያ እጇን ያዘቻት።

"ገንዘብሽ ይቅርብኝ። ደረሰኙን ስጪኝ።"

"ምን ሊሠራልሽ?"

"ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው። እኔ ንድፍ አለኝ፣ ደረሰኝ የለኝም። አንቺ ደረሰኝ አለሽ፣ ንድፍ የለሽም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሐቀኛ ደንበኛ አንሆንም?"

መብሩካ ልትኮሳተር ሞከረች፤ ሳቁ ቀደማት። ሚስማሩን ራሷ መታችው።

ሐሙስ ሪሃም ሁለቱንም እጆቿን ለሒናው ስትዘረጋ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። "ማን ነው የጠለፈው?" እያሉ ሴቶቹ እጅጌዎቹን ዳበሱ።

"እኔና ጎረቤቴ" አለች መብሩካ።