የፈረሱ አባት ማነው?

ልጄ ሸኩር «እማ፣ ዛሬ ገበያ አብረሽኝ ነይ፤ አንቺ ካለሽ ይሸጣል» ሲለኝ ምን እንደፈለገ ገብቶኛል።

አባቱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ፈረስ በማርባት የታወቀ ሰው ነበር። ለዘር የማይሆነውን ወንድ ሁሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያኮላሸዋል። ባዝራዋንም አንድ ዓመት ከወለደች አንድ ዓመት ያሳርፋታል። ጅማ ገበያ ስንወጣ ሰው ጥርሱን እንኳ ከፍቶ አያይም። «አባቱ ማነው?» ይላል፣ እንነግረዋለን፣ አለቀ።

እሱ ሲሞት ሸኩር ማኮላሸቱን ተወ። ያኔ ጋሪው በዝቶ ነበር፣ የተወለደው ሁሉ ይሸጣል። ጎረቤቱም እንደሱ አደረገ። ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ ሁሉም ፈረሱን ሜዳ ይለቃል፤ ወንድም ከእህቱ፣ ልጅ ከእናቱ፣ አስተግፊሩላህ። አሁን የሚወለደው ደረቱ የጠበበ፣ እግሩ የተጣመመ ነው። ባጃጁም መጥቶ የጋሪውን ሥራ ወሰደ። ስምንት ፈረስ ሳይሸጥ ግቢያችን ቆሟል።

ገበያ ገና ሳንቆም ደላላው ጎሳዬ «ሸኩር፣ ይሄ ፈረስ ነው ፍየል? ቀንዱን የት ጣልከው?» አለና ሰው አሳቀብን።

የበቾ ቦሬው ባለጋሪ አብዱልፈታሕ ግን እኔን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እንደ ሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ የሸኩር እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ።

«ሃዳ ሸኩር፣ ደህና ነዎት? ከእናንተ የገዛሁት ፈረስ አስራ አንድ ዓመት ጎትቶ አምና ሞተብኝ። ልጆቼን ያሳደገው እሱ ነው። ከዛ ወዲህ ሁለት ገዛሁ፣ ሁለቱም ዳገት ላይ ወደቁ። የዚህ አባቱ ማነው?»

«የኛ ዳማ ነው፣ የመጨረሻ ልጁ» አለ ሸኩር።

ዳማው፣ ባሌ ለዘር ያስቀረው ፈረስ፣ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ይሄ ገና አራት አልሞላውም።

አብዱልፈታሕ ወደኔ ዞረ። «እርስዎ ይበሉኝና ልውሰደው።»

«እማ፣ አንድ ቃል ነው» አለኝ ልጄ ቀስ ብሎ።

የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሂን፣ ሰግጄ ነው የወጣሁት፤ በዚሁ አፌ እንዴት ልዋሽ? «አባቱን አላውቀውም፣ ልጄ። ሜዳ ላይ ነው የተረገዘው» አልኩት አብዱልፈታሕን።

«ጀዛኪላህ» ብሎ አመሰገነኝ። «እናንተም እንዲህ ከሆናችሁ ታዲያ ከማን ልግዛ?» ብሎ ሄደ።

ጎሳዬ ከኋላ «ሃዳ ሸኩር፣ ሊሸጡ ነው ሊመሰክሩ የመጡት?» ይላል።

ሸኩር ፈረሱን እየጎተተ፣ እኔ ከኋላ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈርን አለፍን። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ቆመና የፈረሱን ገመድ ፈታ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሳሩን ራሱ ይፈልግ።»

«ነፍስ እኮ ነው! አላህ ይጠይቀናል።»

«እውነት አይደል የምትወጂው? እውነቱ ይሄ ነው። ለስምንት የማበላው የለኝም።» ገመዱን ጠቅልሎ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ነይ እንኳ አላለኝም።

መቀነቴን ፈትቼ ፈረሱ አንገት ላይ አሰርኩና በእግሬ ጎትቼው መጣሁ። መኪናው ይነፋብናል፣ ልጆች ይስቃሉ።

ግቢ ስደርስ ሸኩር በር ላይ ተቀምጧል።

«ከነገ ጀምሮ ወንዶቹን ሁሉ አኮላሽ» አልኩት።

«አሁን? ሦስቱ ባዝሮች እኮ አርግዘዋል፣ እማ።» ንዴት እንኳ የለውም።

የአስር ሰላቴን ሰገድኩና ለዱአ እጄን ዘረጋሁ። ይሸጡልን ብዬ ብለምን ሌላ ባለጋሪ ዳገት ላይ ሊወድቅበት ነው። ይሙቱልን ብል ደግሞ ነፍስ ናቸው፣ ያመጣናቸውም እኛው ነን። እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁና ምንም ሳልል አጠፍኩት።