በመሪጌታ ጭራ የተያዘው ዓሣ

ባለሱቁ የሻምበል ያዝኩት እያለ የሚያወራው ዓሣ ማደጉን የሚያቆመው ሰሚ ሲጠፋ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቢኖር ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና ያልተወለደ ሕፃን። ጣጣው የመጣው አንድ ሕፃን የተወለደ ጊዜ ነው።

የሻምበል የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው ካስነጠሰ ቆርቆሮው ይርገበገባል፤ እሱ ሲያወራው ግን የወልድያ አውቶቡስ ገብቶ ይዞርበታል። በወጣትነቱ ሾፌር ሳለ ፈረንጆች ጭኖ ባሌ ድረስ ሄዷል። ፈረንጆቹ እዚያ ቀዝቃዛ ወንዝ ዳር ቆመው፣ ትራውት የሚሉትን ነጠብጣባም ዓሣ ከላባ በተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ እያታለሉ ሲያወጡ አይቷል። ማየቱ እውነት ነው፤ ሻይ ያፈላላቸውም እሱ ነው። ያየውን ወደ ያዘው ከለወጠው ግን ብዙ ክረምት አልፎበታል፤ የያዘው ትራውትም በየክረምቱ ክንድ እየጨመረ አሁን ከሰው ቁመት አልፏል።

ልጁ ምስራቅ ለአራስነት ከአበርገሌ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ወንድ ልጅ ተገላገለች። አማቷ አቶ የኔሰው ሙክት አስጎትተው፣ ማር አስይዘው ጥየቃ መጡ። ሁለቱ አያቶች ተቀምጠው እስኪጫወቱ ድረስ ሰላም ነበር። ከዚያ የስሙ ነገር ተነሣ።

«ዓለምአንቀጥቅጥ!» አለ የሻምበል ደረቱን ነፍቶ።

«ልጁ አንገቱ እንኳ አልጠናም እኮ አማቼ» አሉ አቶ የኔሰው። «ዓለሙን ቀስ ብሎ ይደርስበታል። በአባቴ በምንዋጋው ስም ይጠራልኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ምስራቅ «እናቲቱን የሚጠይቅ የለም?» አለች።

«አንቺ ገንፎሽን ብዪ!» አሏት ሁለቱም ባንድ ድምፅ። ያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ክርክሩ ሲጠና የሻምበል እንደ ልማዱ የባሌውን ዓሣ ጠራ። እንዲያ ያለ ፍጥረት ያንበረከከ ሰው የልጅ ልጁን ስም ሊነፈግ አይገባም አለ። አቶ የኔሰው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ያደጉት ተከዜ አጠገብ ነው።

«እንግዲያስ ያን እጅዎን እኛ ሰፈር ያሳዩን። ከክርስትናው በፊት ባለው ሐሙስ፣ እርስዎ በዝንብዎ፣ እኔ በትሌ። ለማዕድ ከሚሆነው ትልቁን የያዘ ስሙን ያውጣ።»

«ተከዜን? ዓይኔን ጨፍኜ!» አለ የሻምበል። ሚስቱ ዓለምብርሃን ጓዳ ውስጥ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

በማግስቱ የሻምበል ሱቁን ገርበብ አድርጎ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የስፖርት ዕቃ መደብር ደወለ።

«በዝንብ ዓሣ ማጥመጃ አላችሁ?»

«አለ። ለጀማሪ ነው?»

የሻምበል ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ለእኔማ ብትል ይታዘብሃል ወንዙ! አንድ ጀማሪ ዘመድ አለኝ።»

«ለዘመድዎ ዘንጉ ቀላል፣ የሚለጠጥ፣ ከሰው ቁመት አንድ ተኩል የሚሆን ይበቃዋል። መጠምጠሚያው ርካሹ ቢሆን ግድ የለም፤ ለጀማሪ ክር ማስቀመጫ ነው። በክሩ ግን አይሰስት። ዝንቧ ክብደት የላትም፤ አርቆ የሚጥላት የክሩ ክብደት ነው።»

ቀጥሎ ዋጋውን ነገረው። የሻምበል መቀመጫ ፈለገ። በዚያ ዋጋ አምደወርቅ ገበያ ቀንዳም በሬ ተገዝቶ ለመጎተቻው ጠፍር ይተርፋል።

«ሄሎ? ጌታዬ? ለዘመድዎ ላስቀምጥለት?»

«ዘመዴ ዓሣ አይወድም» ብሎ ዘጋው።

ምክሩ ግን በነጻ ነበርና አልጣለውም። መጀመሪያ ለዘንግ ሽመል ፍለጋ ገበያ ወጣ። ቀላል ይሁን መባሉን ሰምቷል፤ ነገር ግን ትንሽ ነገር በእጁ ይዞ ሰው ፊት ማለፍ ተፈጥሮው አልፈቀደለትምና፣ የጎጆ ማገር የሚያህል ተሸክሞ ገባ።

«ዓሣውን ልታጠምደው ነው ወይስ ልታጥረው?» አለችው ዓለምብርሃን።

ተመልሶ ሄዶ ቀጭኑን፣ ጫፉ እንደ ሸንበቆ የሚወዛወዘውን መረጠ። ዝንቧን ደግሞ ከገብስማው አውራ ዶሮ አንገት ላባ ሊሠራ አሰበ፤ ፈረንጆቹ እንደዚያ ያለ ላባ በብልቃጥ ይዘው ሲሳሱለት አይቷል። ዶሮው ለክርስትናው የተቀለበ የዓለምብርሃን ዶሮ ነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትስም የሻምበል ከዶሮው ጋር ታገለ፤ ትግሉን ሲያወራው ከነብር ጋር ነበር። ትናንሽ መንጠቆዎች ላይ ላባውን በልብስ መስፊያ ክር ጠምጥሞ ጥቂት ዝንቦች አበጀ። ዓለምብርሃን ስትመለስ ዶሮው አንገቱን አራቁቶ፣ ቀና ብሎ በግቢው ይንጎራደዳል።

«ብርድ እንዳይመታው ሻሽ ልሰርለት ይሆን?» አለች። የሻምበል ግን ቁጣ ይሻለኝ ነበር አለ በልቡ።

የቀረው ክሩ ነበር። ከባድ ሆኖ ለስላሳ፣ ለስላሳ ሆኖ ጠንካራ። አስቦ አስቦ መሪጌታ ለተጊዮርጊስ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ከማኅሌት እስከ ለቅሶ ከእጃቸው የማይለይ የነጭ ፈረስ ጭራ አላቸው።

«ጭራዬን? ለምን?»

«ገምጄ ክር ላደርገው ነው፣ መሪጌታ። ዝንብ ላንጠለጥልበት።»

«ዕድሜ ልኬን ዝንብ ሳባርርበት ኖሬ፣ አንተ ልታንጠለጥልበት?» አሉ። የሕፃኑን ስም ነገር አስረዳቸው። ዓለምአንቀጥቅጥ የሚለውን ሲሰሙ ጭራቸውን ወደ ትከሻቸው ወስደው መለሱ። «እሺ፣ እሰጥሃለሁ። ግን ጭራዬ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ዳኝነቱን እኔ አያለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሦስቱ ተከዜ ወረዱ። የአበርገሌ ሙቀት እንቁላል በኪስ ይቀቅላል። አቶ የኔሰው ትላቸውን መንጠቆ ላይ ሰክተው ከነክሩ ውኃው ውስጥ ጣሉና ዛፍ ሥር ጋደም አሉ። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሻምበል ሱሪውን ሰብስቦ፣ ገና ከወንዙ ሳይደርስ አሸናፊ መስሎ፣ ዘንጉን አነሣ።

ልጅ ሳለ በቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ ላሊበላ ላይ ሰው ያማትብ ነበር ይላል። እጁ የሚያውቀው ያንን ነው፤ ያንኑ አደረገ። ጧ! ገደሉ መልሶ አስተጋባ። ማዶ የነበሩ ፍየሎች በረገጉ። ክሩ ውኃ ላይ ሲያርፍ ጫፉ ባዶ ነው፤ ዝንቧ ተበጥሳ የት እንደገባች አልታወቀም።

«ጉሮ ወሸባዬ!» አሉ አቶ የኔሰው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዓሣው ቡሄ መድረሱን ሰማ።»

ሁለተኛዋን አሰረ። ጧ! ሦስተኛዋን። ጧ! የገብስማው ዶሮ አንገት በከንቱ ተራቆተ። በመጨረሻ አንዲት ዝንብ ቀረች። የሻምበል በመዳፉ ይዟት ቆመ። ያን ጊዜ ቀልዱ ከልቡ ወጣ፤ በሐሳቡ ያየው ምንዋጋው ተብሎ የሚጠራ የልጅ ልጅ ነው፤ ሲያድግም «አያትህ ምን ያዘ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሊያወራ ፈልጎ የሚያወራው ነገር አጣ፤ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ዘወር ሲል መሪጌታን አየ። ጭራቸውን የተነጠቁት ሽማግሌ በዝንብ ተከበዋል፤ የለመደ ባዶ እጃቸው ግን ሥራውን አልተወም። ወደ ትከሻ ይሄዳል፣ ጥቂት ያርፋል፣ ወደ ፊት ይመለሳል። አይቸኩልም፤ አይጮህም። የሌለው የጭራ ፀጉር ከኋላ እስኪዘረጋ የሚጠብቁት ይመስላል።

የሻምበል የመጨረሻዋን ዝንብ አሰረ። ወደ ትከሻው ወሰደ። ልቡ «አጩኸው! አጩኸው!» እያለው አረፈ። ከዚያ ማኅሌት እንደቆመ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ለቀቀው። ክሩ ያለ ድምፅ ተዘረጋ፤ ዝንቧ እንደ አቧራ ውኃው ላይ አረፈች። ውኃው ተገመሰ፤ ሽመሉ ጎበጠ።

«ያዝኩ! መሪጌታ፣ አዞ ነው! አይ፣ አዞ አይደለም፣ ይበልጣል!»

የወጣው ዓሣ ብርማ ቅርፊት ያለው፣ ከመዳፍ ጥቂት የሚረዝም ነበር።

አቶ የኔሰው ሊስቁ አፋቸውን ሲከፍቱ የእሳቸው ክር ተወጠረ። ጎትተው ጎትተው ያወጡት አምባዛ ነው፤ ጢማም፣ ጥቁር፣ የሰው ክንድ የሚያህል። የጀመሩትን ሳቅ አሁን በሁለቱም ዓሣ ላይ ሳቁት።

የሻምበል አምባዛውን አየ። የራሱን አየ። ከዚያ ዓይኑ በራ። «መሪጌታ! ውላችን ለማዕድ የሚሆን ነው። ይኸ የአማቼ ዓሣ ቅርፊቱ የታለ?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አምባዛውን በጣታቸው ዳሰሱ። ለስላሳ ነው። «ኦሪቱ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ነው የሚለው» አሉ። «የኔሰው፣ ይኸ በእኛ ማዕድ አይቀርብም። ይህንንም ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

አቶ የኔሰው አምባዛውን ወደ ውኃው መለሱት። «ባወጣሁት ቃል ተያዝኩ» አሉ። ትንሹን ዓሣ ጠብሰው ለሦስት ተካፈሉት፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጉርሻ እንኳ አልሞላም።

ዓሣው ከሞተ በኋላ ነው ማደግ የጀመረው። ዳገቱ ሥር ክንድ አከለ፤ ሰቆጣ መግቢያ ላይ ጥጃ ሆነ፤ ቤት ሲደርሱ የሻምበል እጆቹን እንደዘረጋ በሩ ስለጠበበው በጎኑ ገባ። ምስራቅ ሕፃኗን ታቅፋ ሰማችው። ሲጨርስ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«መሪጌታ፣ እውነት ነው?»

«ዓሣ ነበረ» አሉ።

«ምን ያህል?»

መሪጌታ መላጣ የቀረውን የጭራቸውን እጀታ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት። እጀታው ከመዳፍ ጥቂት ይረዝማል። ምስራቅ እጀታውን አየችና ለአባቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«አባዬ፣ ክርስትናው ላይ ግማሽ ሰቆጣ ይመጣል። ያሻህን ያህል አሳድገው፤ እኔ አላስተባብልህም። ስሙን ግን ለእኔ ተውልኝ» አለችው።

የሻምበል ሕፃኑን አየ። ዓለምአንቀጥቅጥ አዛጋ። ከዚያ የሚመጣውን እንግዳ፣ የሚዘረጋውን እጁን፣ የሚከፈተውን የሰው አፍ በዓይነ ልቡናው አየ።

«ማን ልትዪው ነው?» አላት።

«አንዷለም።»

«አጭር ነው» አለ። «ግን… ዓሣው ረጅም ነውና ይካካሳል።»

በክርስትናው ቀን አንገተ ራቁቱ ዶሮ ወጥ ሆኖ ቀረበ። የሻምበል ድንኳኑ መሐል ቆሞ እጆቹን እስከቻለው ዘረጋ። እንግዶቹ ተጠራጥረው ምስራቅን አዩ፤ እሷ ልጇን እያጠባች አዎ በሚል አንገቷን ነቀነቀች። አቶ የኔሰውን አዩ።

«ኧረ አማቼ ያሳንሱታል!» አሉ አቶ የኔሰው። «እኔ አልነበርኩም እንዴ? እጅ አነሳቸው እንጂ!»

በመጨረሻ ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ባዶ እጃቸውን ወደ ትከሻ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ትከሻ አደረጉ።

«እኔን ዝንብ አላስቆም ብሎኛል» ብለው ብድግ አሉ፤ «ምስክርነት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጭራዬን መልሱልኝ።»