የፈተናው ሳንድዊች

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃምሳ አንዱን ዓመት ቺዝ ስሠራ ኖሬያለሁ። ታዲያ የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዲት የማላውቃት ሴት ስልክ ደወለችና፣ “ሚስተር ሉቺንገር፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤትዎ መጥቼ ምግብ ሲያበስሉ አይዎታለሁ። እንቁላል ጥብስ፣ ሾርባ ወይም የተጠበሰ የቺዝ ሳንድዊች መሥራት ይችላሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው” አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ዓሣን ዋና ትችላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። “ሳንድዊቹን ይሁን” አልኳት፣ ኮራ ብዬ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብቼ የምድጃውን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ ነካካሁ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሴትዮዋ ሥራ አረጋውያን ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ መፈተን ነው። ሳንድዊቹን ደህና አድርጌ ከሠራሁ ቤቴ ውስጥ እኖራለሁ። ካበላሸሁት የአረጋውያን መኖሪያ እገባለሁ፤ ልጄ ሮዛን፣ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መኖሪያ ስሜን አስመዝግባለች፤ አንድ ክፍልም ተለቋል። ወስዳ አሳይታኛለች። ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ምድጃ የለውም። ቡናህን የሚያፈሉልህ እነሱ፣ ዳቦህን የሚቆርጡልህ እነሱ ናቸው። አንድ ሰውዬ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ የሹራቡን ቁልፍ ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁ። ስንገባም ሲከፍት ሲዘጋ ነበር፣ ስንወጣም ያው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሹራቤን በቆለፍኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

እዚህ ያደረሰኝ ማንቆርቆሪያ ነው። ኅዳር ላይ ውሃ ጥጄ ወደ ጋጣው ወጣሁና ረሳሁት። ጎረቤቴ ዱዌይን ጭሱን አይቶ እየሮጠ ባይመጣ ኖሮ የምጽፍበት ጠረጴዛም አይኖርም ነበር። ዱዌይን ደግሞ አፉ አያርፍም፤ በማግስቱ ለሮዛን ደወለላት። ማንም ያላየው ሌላም ነገር አለ። ጥር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምሳዬን ቋጥሬ፣ ነጭ ካፖርቴን ለብሼ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ሠራሁበት የቺዝ ፋብሪካ ሥራ ልገባ ሄድኩ። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አሁን የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ሻጯ ወንበር ልትሸጥልኝ ሞከረች። ዋጋውን ጠይቄ፣ ተወደደ ብዬ ወጣሁ። ይህን ለሮዛን አልነገርኳትም።

ሮዛን ረቡዕ ዕለት በበረዶው ውስጥ ሁለት ሰዓት ነድታ መጣች። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ ስትቆጣ ግን ቁርጥ እናቷን ነው የምትመስለው። ገና ኮቷን ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

“አባዬ፣ በማርያም ነገ እንዳትራቀቅባት። ሁለት ዳቦ፣ በመሃሉ ያንን ተቆራርጦ የታሸገውን ቺዝ፣ አለቀ!”

“ያ ፕላስቲክ የለበሰ ነገር በዚህ ቤት ደጃፍ አያልፍም።”

“አየህ፣ ይኸው ጀመርክ። ሴትዮዋ እኮ ምላስህን አይደለም የምትፈትነው። እሳቱን ማጥፋትህን ነው የምታየው። እሳቱን! ገባህ?”

“ገብቶኛል። ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?”

“ደንቆሮ አላልኩም” አለችና ኮቷን አወለቀች። ከዚያ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም እሳቱን፣ እሳቱን እያልኩ ተኛሁ።

የኔ ሳንድዊች ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሽንኩርቱ በቀጭኑ ተከትፎ፣ ቀይ ወርቅ እስኪመስል በቅቤ ቀስ ብሎ ይበስላል። ዳቦው በእርሾ የተጋገረ፣ የጣት ውፍረት ያለው ይሆናል። ውጪው ቅቤ፣ ውስጡ ስስ ሰናፍጭ ይቀባል። ቺዙ ላይ ነው ሙያው ያለው። የአራት ወር ለጋ ቺዝ ሦስት እጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠውን የራሴን ቺዝ አንድ እጅ ፈቅፍቄ እቀላቅላለሁ። ለጋው ይቀልጣል፣ አሮጌው ጣዕም ይሰጣል። አሮጌውን ብቻውን እሳት ላይ አታደርገውም። አይቀልጥም። ዘይቱ ለብቻው ይወጣና የቀረው እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል። ይህን እኛ አገር የቺዝ ሠሪ ልጅ ሁሉ ፊደል ሳይቆጥር በፊት ያውቀዋል።

ያ አሮጌ ቺዝ ፋብሪካው ሊዘጋ ባለበት ሰሞን ከመጨረሻው የወተት ገንዳ ያወጣሁት ነው። ባለቤቴ ማርሊስ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ ገና ላይ አንዳንድ ቁራሽ እንቀምስ ነበር። በቤታችን አንድ ደንብ አለ። ቺዝ ተቆርጦ ሲቀርብ እኔ “ጉድለቱ?” እላለሁ፤ ገበታው ላይ ያለ ሁሉ የቺዙን ጉድለት ይናገራል። ሮዛን በአምስት ዓመቷ እግሯ መሬት ሳይነካ ወንበር ላይ ተቀምጣ “ይመራል” ትላለች፣ “ጥርስ ላይ ይጣበቃል” ትላለች። “ምንም የለውም” የሚል መልስ እኛ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ጉድለት የሌለው ቺዝ ገና አልተሠራም። የለውም የሚልህ ሰው ወይ አልቀመሰውም፣ ወይ አዝኖልህ ነው። ቺዝ ሠሪን ደግሞ እንደ ማዘን የሚጎዳው ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት ፈታኟ በሰዓቷ መጣች። ጃኔል ትባላለች። በረዶ የያዘ ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች፤ ለዚህ ወደድኳት። ሮዛንን ሳሎን አስቀመጠቻትና፣ “ከዚህ ሆነው ምንም እንዳይናገሩ፣ እንዳይረዷቸውም” አለቻት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ጥግ ላይ ቆመች። ወረቀቷን ክንዷ ላይ አድርጋ እስክሪብቶዋን ጠቅ አደረገችው።

“እኔ የለሁም ብለው ያስቡ” አለችኝ።

“ቢሆንማ ደስታዬ ነበር” አልኳት። ሳቀች። 

ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ከርሜያለሁ። ቅደም ተከተሉን ጽፌ የቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ፤ ከላይ በትልቁ “እሳት!” ይላል። በሩን ከፍቼ ሳህን ያነሳሁ መስዬ አነበብኩት። መጥበሻውን ጣድኩ፣ ማዞሪያውን ከፈትኩ፣ ሰማያዊው እሳት ተያያዘ። በርቷል፣ በርቷል፣ በርቷል አልኩ በሆዴ። ሽንኩርቱን ስከትፍም ዓይኔ እሳቱ ላይ ነበር። ጣቴን ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም።

“ዛሬ ምን ቀን ነው ሚስተር ሉቺንገር?” አለች ከጥግ።

“ሐሙስ። የካቲት። እርስዎ ደግሞ ጃኔል ነዎት፤ የዚህ አገር መሪ ማነው ብለው እንዳይጠይቁኝ፣ መናደድ አልፈልግም።”

እንደገና ሳቀች፤ እስክሪብቶዋ ግን ተንቀሳቀሰ። ምን ጻፈች? መናደዱን ነው ቀኑን?  ፍሪጁን ከፈትኩ፤ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለውን ቺዝ አወጣሁ፤ የታሰረበትን ክር ፈታሁ። መፈቅፈቅ ጀመርኩ። እየፈቀፈቅሁም ስለ ለጋውና ስለ አሮጌው፣ ስለ ሦስት እጁና ስለ አንድ እጁ አብራራሁላት። አንዴ ስለ ቺዝ ከጀመርኩ አፌ አይደናቀፍም። እሷም ራሷን እየነቀነቀች፣ “ይገርማል፣ ይህን አላውቅም ነበር” ትለኛለች። እሳቱ በርቷል፣ እያየሁት ነው።

ዳቦው መጥበሻው ላይ ሲንጫጫ፣ ክዳኑን ስደፋበት፣ “ይቅርታ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢሰጡኝ?” አለችኝ።

ወጥመድ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ውሃ ስቀዳ ዳቦው እንዲያርብኝ ነው። “አንድ ጊዜ ይታገሡኝ” አልኩና እሳቱን ቀነስኩ፣ ውሃውን ቀዳሁ፣ ሰጠኋት፣ ተመለስኩ፣ ዳቦውን በመገልበጫው አየት አደረግሁት። አላረረም፣ ወርቅ መስሏል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም፣ ከደስታ። ገለበጥኩት፤ ሌላውም ወገን ወርቅ መሰለ። አወጣሁት። ከዚያ ማዞሪያውን ዘጋሁ። ጠቅ ሲል ሰማሁት። ዝቅ ብዬ እሳቱን አየሁ፤ የለም። እጄን አስጠግቼ ደግሜ አረጋገጥኩ።

“እሳቱ ጠፍቷል” አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሳሎን ያለችው እንድትሰማ።

ጃኔል ወረቀቷን አጠፈች። “በጣም ጎበዝ ነዎት። በኔ በኩል ቤትዎ መኖር ይችላሉ። ሪፖርቴም ይህንኑ ነው የሚለው።”

“ይቅመሱት እንጂ!”

“ደንባችን አይፈቅድልኝም፣ ይቅርታ። ሽታው ግን ገድሎኛል” አለች፤ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ሮዛን እየሮጠች ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “አባዬ! አለፍክ! ሰምቼሃለሁ፣ ስለ ሦስት እጅ አንድ እጅ ስትለፈልፍባት!” ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። “በል ቁጭ በል። ግማሽ ግማሽ እንበላዋለን። ወተት ላምጣ።”

ፍሪጁን ከፈተች። ወተቱን ለማውጣት ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ከዚያ ከትከሻዋ በላይ፣ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ለጋው ቺዝ ከነወረቀቱ፣ ክሩ እንደታሰረ ተቀምጦ አየሁት።

ፍሪጁን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቢላ አንስታ ሳንድዊቹን ለሁለት ቆረጠች። እንደ ክር የተሳበ ቺዝ የለም። ብርቱካንማ ዘይት ከመሃሉ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ተንጣለለ፤ ውስጡ አሸዋ ነው። እኔ እጄን አየሁት። ለጋ ቺዝ መፈቅፈቂያ ላይ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። አሮጌ ቺዝ ይፈረፈራል፣ ጨው የሚመስሉ እንክብሎቹ ጣትን ይነካሉ። ዓይኔ ቢስት እንኳ ይህ እጅ ሃምሳ አንድ ዓመት ሲዳስሰው የኖረ እጅ ነው። ያን ሁሉ ፈቀፈቅሁ፣ እጄ አልነገረኝም። አፌ ትክክለኛውን እየተናገረ እጄ ሌላ ይሠራ ነበር፣ እኔም መሃል ላይ ቆሜ እሳት እጠብቅ ነበር።

ሮዛን ተቀመጠች። ግማሹን አንስታ ገመጠች። ዘይቱ አገጯ ላይ ወረደ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አኘከች፣ ዋጠች። ደግማ ገመጠች።

“ጉድለቱ?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ዓይን እናቷን የምታያት ታማ አልጋ ላይ ሳለች ነበር።

“ምንም የለውም፣ አባዬ” አለችኝ። “ምንም።”

ማንቆርቆሪያው ሲቃጠል እንዲህ አልፈራሁም። ፋብሪካው በር ላይ ምሳዬን ይዤ ስቆምም እንዲህ አልፈራሁም። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ልጄ በቺዝ ስትዋሸኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደህና አድርጋ ዋሸችኝ፣ ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።  ወረቀቱ ማለፌን ይላል። ነገ እሷ ትሄዳለች፣ እኔ ከዚህ ምድጃና ከዚህ እጅ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። እጄ ሌላ ነገር ቢሠራ የሚነግረኝ የለም።

የኔን ግማሽ በላሁ። አሸዋውን እስከ መጨረሻው በላሁት። ከዚያ ተነስቼ ወደ ምድጃው ሄድኩ። የምድጃችን ማዞሪያዎች ቀጥ አድርጎ ለሚስባቸው ይወልቃሉ፤ ማርሊስ ቅዳሜ ቅዳሜ ነቅላ ታጥባቸው ነበር። አንደኛውን ሳብኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምጥቼ ከሮዛን ሳህን አጠገብ ደረደርኳቸው።

ማዞሪያዎቹን አየቻቸው። አልነካቻቸውም።

“አሮጌውን ብቻ ነው ያደረግኸው፣ አባዬ” አለች በመጨረሻ። “ዘይቱ ወጥቷል።”

“አዎ” አልኳት። “ጉድለቱ እሱ ነው።”

ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።