ከሻምኻ ማንም የለም

በወሎ የሠርግ ጥሪን በወግ ያቆሙት እነ ሐጂ ዑስማንና እነ ሼኽ ዐብዱራህማን ነበሩ። የላኩት ጠሪ «እገሌ አይመጣም» ብሎ ቢመለስ፣ «ከደጁ ቆመህ በስሙ ጠርተኸዋልን?» ሳይሉ አያልፉትም። በኮምፒውተር መምህርነት ጡረታ የወጡት ጋሽ ረጀብ ይህን ሥርዓት እስከ አቡዳቢ ይዘውት መጥተዋል።

እሑድ ጧት የእኅታቸው ልጅ መርዋ አል ዐይን ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ልትዳር፣ አጃቢ የሞላበት አውቶቡስ ሙሳፋህ ሰፈር ላይ ሞተሩን አስነሥቷል። ተሳፋሪዎቹን የመዘገበው ወጣቱ ጀፋር ነው። እንግዶችን በሰፈር ወይም በሰዓት እየለየ የሚያወጣ ፕሮግራም ራሱ ጽፎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮራበት ሰንብቷል።

«ከሻምኻ ማንም የለም» አለ ላፕቶፑን እያየ።

ጋሽ ረጀብ ደነገጡ። የሙሽራዪቱ ታላቅ እኅት ሰቢሃ የምትሠራው አል ሻምኻ ሰፈር፣ በሰው ቤት ነው፤ አውቶቡሱ ካለፋት የምትመጣበት ሌላ መላ የላትም። ደወሉላት፤ ስልኳ አይነሣም።

«ማዳሟ ከልክላት ይሆናል፣ ጋሼ። ኮምፒውተር አይዋሽም፤ ትተናት እንሂድ።»

«ያላ፣ ቶሎ በሉ! የኒካሑ ሥነ ሥርዓት ሊያልፈን ነው!» ሲል ሹፌሩ ሙንዲር ጮኸ።

«እስቲ ደግሞ ከሙሳፋህ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቀው» አሉ ጋሽ ረጀብ።

ጀፋር ጠየቀ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ከሙሳፋህም… ማንም የለም ይላል።»

«እንግዲያው እነዚህ የተሳፈሩት ጅኖች ናቸዋ!» አሉት ጋሽ ረጀብ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፕሮግራሙ ጽሑፍ ጐንበስ አሉና፣ «እንግዳ.መስፈርት» ከሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን ተከሉ።

«‹መስፈርት› ያልኸው ቫሪያብል መያዣ ዕቃ ነው፤ ‹ሰፈር› የሚለውን ቃል በሆዱ ይዟል። አንተ ግን በነጥብ ስላያያዝኸው፣ ፕሮግራሙ ሆዱን ሳያይ ‹መስፈርት› የሚባል ኪይ፣ ማለትም የመዝገብ ርእስ፣ ከየእንግዳው ይፈልጋል። እንዲህ የሚባል ነገር የመዘገበ ማን አለ? የተጠሪውን ስም በፖስታ አሽገው ቢሰጡህ፣ ሳትከፍተው ‹ፖስታ ሆይ! ፖስታ ሆይ!› እያልህ መንደሩን ትዞር ነበር።»

«ነጥብ ናት እኮ፣ ጋሼ…»

«ነጥቧን አንሣና ቃሉን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገባው። ያን ጊዜ ውስጡን ያነባል።»

ጀፋር አስተካክሎ ሻምኻን ጠየቀ። የሰቢሃና የጓደኞቿ ስም ተደርድሮ ወጣ። ሙንዲር መሪውን ወደ ሻምኻ ጠመዘዘ።

ሰቢሃ ከቪላው አጥር ጥግ፣ በአዲስ ልብሷ ላይ አቧራ እንዳያርፍ ሻሿን ዘርግታ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስልኬም ውስጥ ቀርቶብኝ፣ ረሳችሁኝ ብዬ ልመለስ ነበር እኮ! ምን አዘገያችሁ?»

«መንገዱ ተጨናንቆ…» አለ ሙንዲር።

ጋሽ ረጀብ ጀፋርን ትክ ብለው አዩት።

«መንገዱ ክፍት ነበር» አለ ጀፋር፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታውን እየለቀቀላት። «ማዳምሽ ከልክላሽ ነው ብዬ ጥለንሽ እንድንሄድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ሰቢሃ። ተሳስቻለሁ።»